ከድልድዩ ማዶ ያለው ወንበር

በሳምንት ሁለት ቀን ዕቃ ጭኜ፣ ዋሽንግተን ጥግ ካለችው የሜሪላንድ ከተማ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ኢስተርን ሾር እነዳለሁ። ኢስተርን ሾር የሚሉት ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ያለውን የሜሪላንድ ክፍል ነው። ቤይ ብሪጅ የሚባለውን፣ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ድልድይ ስሻገር ሌላ አገር የገባሁ ያህል ይሰማኛል። የሐበሻ ምግብ ቤት ያልቅና በቆሎ ይጀምራል። ቀጥሎ አኩሪ አተር። ቀጥሎ መስኮት የሌላቸው ረጃጅም የዶሮ ቤቶች። ሽታው ሲመጣ መስታወቴን እዘጋለሁ። በመርሐ ቤቴ ገጠር ከከብት ጋር ያደግኩ ሰው እንዲህ መቅበጤ ለራሴም ያስቀኛል።

መጨረሻ የምደርሰው ሶመርሴት ካውንቲ (እንደኛ ወረዳ ያለ አስተዳደር) ነው። ከሜሪላንድ ደቡባዊ ጫፍ ላይ ያለ፣ በ1666 የተመሠረተ፣ ድሃ፣ ጠፍጣፋ፣ ውሃ የሚበላው አገር። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ የኛን ሳነሳ እናገራለሁ።) በ2020 ቆጠራ የተገኘው ሰው 24,620 ብቻ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ብቻውን ከዚህ ሦስት እጥፍ ይበልጣል።

አንድ ቀን ቡና ልገዛ ነዳጅ ማደያ ገባሁ። አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አውልቀው መደርደሪያው ላይ አስቀምጠው፣ ከሻጯ ጋር ስለ ቦይ ያወራሉ። መንገድ ዳር ያለው ቦይ ተደፍኗል። ባሕሩ ሞላ ባለ ቁጥር ውሃው ጓሯቸው ውስጥ ይተኛል። «እሁድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያዝኩትና ነገርኩት» አሉ። ማንን ይሆን የያዙት ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ። ለካ ደሊጌቱን ነው። የስቴቱን ምክር ቤት አባል! ልክ ዶሮ እንደሰበረባቸው የጎረቤት ልጅ ነው የሚያወሩበት።

ወደ እኔ ዞሩና ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ አልኳቸው።

«አሃ! መቀመጫችንን የወሰዳችሁብን እናንተ ናችኋ!»

ፊቴ ሳይለወጥ አልቀረም። የስደተኛ ነገር ሊያነሱብኝ ነው ብዬ ነበር። ሰውዬው ግን በእኔ መልክም በአነጋገሬም ጉዳይ አልነበራቸውም። የሚያወሩት ስለ 1964 ነው። ያኔ ገና ጎረምሳ ነበሩ፤ እኔ አልተወለድኩም። እሳቸው ግን ትናንት የተደረገ ያህል ተናደዱ።

ነገሩ ገርሞኝ ቤቴ ስገባ ማንበብ ጀመርኩ። ሽማግሌው እውነታቸውን ነው።

እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ ሜሪላንድ ውስጥ እያንዳንዱ ካውንቲ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ በስቴቱ ሴኔት ውስጥ አንድ ሴናተር ነበረው። የባልቲሞር ከተማ ስድስት፣ በጠቅላላው 29። በ1960 ቆጠራ ኬንት የተባለው የኢስተርን ሾር ካውንቲ 15,481 ሰው ነበረው፤ አንድ ሴናተር። ባልቲሞር ካውንቲ (ከከተማው የተለየ ነው) 492,428 ሰው ነበረው፤ እሱም አንድ ሴናተር። የአንዱ የኬንት ገበሬ ድምፅ የሠላሳ ሁለት ሰው ያህል ይመዝን ነበር ማለት ነው። ከድልድዩ ማዶ ያሉት ዘጠኝ ካውንቲዎች ከ29ኙ ወንበር ዘጠኙን ይዘዋል። ሰው ወደ ከተማ ዳርቻ ጎርፏል፤ ወንበሩ ግን በቆሎው ዘንድ ቀርቷል።

በሰኔ 1964 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንድ ቀን የበርካታ ስቴቶችን ጉዳይ ወሰነ። ዋናው የአላባማ ነበር። ዋና ዳኛው ኧርል ዋረን «ሕግ አውጪዎች የሚወክሉት ሰውን እንጂ ዛፍን ወይም መሬትን አይደለም» ብለው የጻፉት እዚያ ላይ ነው። የሜሪላንድም አብሮ ነበር። ከሳሽ ለእኩል ውክልና የተቋቋመ ኮሚቴ፣ ተከሳሽ ደግሞ የስቴቱ ገዢ ሚላርድ ቶውስ። ቶውስ የየት ሰው ቢሆኑ ጥሩ ነው? የሶመርሴት! ክሪስፊልድ ከምትባለው፣ በሸርጣንና በኦይስተር ከምትተዳደረው ከተማ የወጡ ሰው። እንግዲህ የገዛ ካውንቲያቸው ሴናተር የቀረው በእሳቸው ስም በተጠራ ክስ ነው። ዛሬም በየዓመቱ ክሪስፊልድ ላይ በስማቸው የሸርጣን ግብዣ ይደረጋል፤ የሜሪላንድ ፖለቲከኛ ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ሸርጣን በመዶሻ እየፈለጠ፣ እጅ ሲጨብጥ ይውላል።

አሁን ስቴቱ በ47 ዲስትሪክት ተከፍሏል። እያንዳንዱ አንድ ሴናተርና ሦስት ደሊጌት ይልካል። ለአንድ ዲስትሪክት ወደ 131,000 ሰው ይደርሰዋል። ሶመርሴት ብቻዋን የዚያን አንድ አምስተኛ እንኳ ስለማትሞላ፣ ከዎስተር ካውንቲና ከዊኮሚኮ ከፊሉ ጋር ተጠቃላ «ዲስትሪክት 38» ተብላለች። ዎስተር ኦሽን ሲቲ የሚባለው፣ እኛ በበጋ ልጆች ይዘን የምንርመሰመስበት የባሕር ዳርቻ ያለበት ነው። ዊኮሚኮ ሳልስበሪ የሚባል ከተማ አለው። ሶመርሴት ያላት ረግረግ ነው። በዚህ ላይ ስሚዝ አይላንድ የሚባል፣ በጀልባ ብቻ የሚደረስበት ደሴት። ስሙን የማያውቅ ሰው ቢኖር እንኳ ኬኩን በልቶት ይሆናል፤ ያ ስስ ስስ ንጣፍ ያለው ኬክ ከ2008 ጀምሮ የስቴቱ ኦፊሴላዊ ጣፋጭ ነው።

ከሶመርሴት ተነስቶ ሴኔት ውስጥ የቆየው የመጨረሻው ሰው ሎውል ስቶልትዝፈስ ነው፤ እስከ 2011 መጀመሪያ። ከእሱ በኋላ የገባው የኦሽን ሲቲ ከንቲባ የነበረው ጂም ማታያስ፣ እሱን በ2018 ያሸነፈችው ሜሪ ቤዝ ካሮዛ፣ ሁለቱም የዎስተር ሰዎች ናቸው። ሂሳቡ እኩል ሆነ፤ ትንሿ ካውንቲ ግን የትልልቆቹ ምራቂ ሆና ቀረች። የሽማግሌው ቁጭት ገባኝ።

ቁጭቱ ደግሞ የእሳቸው ብቻ አይደለም። በ1991 ገዢው ዊልያም ዶናልድ ሼፈር ምክር ቤቱ ውስጥ ለዚያ አካባቢ ተወካዮች ኢስተርን ሾርን «ሽንት ቤት» ብሎ በነውረኛ ቃል ጠራባቸው። እኛ ብንሆን የአቋም መግለጫ እናወጣለን። እነሱ ምን አደረጉ? የእንጨት ሽንት ቤት መኪና ላይ ጭነው የስቴቱ ዋና ከተማ አናፖሊስ ድረስ ሄዱ፤ ሰልፍ ወጡ። በ1998 ደግሞ ስቶልትዝፈስና ሪቻርድ ኮልበርን የተባለ ሌላ ሴናተር ኢስተርን ሾር ከሜሪላንድ ይገንጠል፣ ሕዝብ ይወስን የሚል ረቂቅ ሕግ አቀረቡ። መገንጠል! ይህን ቃል አንቀጽ 39 ባለበት አገር ያደገ ሰው ሲሰማው ፀጉሩ ይቆማል። እዚህ ረቂቁ የትም ሳይደርስ ቀረ። ሰዎቹ ስብሰባውን ጨርሰው ድልድዩን ተሻግረው ቤታቸው ገቡ፤ እራታቸውን በሉ። ማንም ወደ ጫካ አልገባም፣ ማንም ወደ እስር ቤት አልሄደም።

እዚህ ላይ ላቆምና ወገኖቼ «አየህ ዴሞክራሲ!» እንዲሉኝ ላደርግ እችል ነበር። ግን ፕሪንሰስ አን የምትባለው የካውንቲዋ ዋና ከተማ ውስጥ ሌላም ታሪክ አለ። በጥቅምት 1933 ጆርጅ አርምዉድ የተባለ ጥቁር ወጣት በመንጋ ከእስር ቤት ተጎትቶ የተገደለው እዚያ ነው። በሜሪላንድ የመጨረሻው ተብሎ የተመዘገበ የመንጋ ግድያ ነው። ያን ጊዜ ሶመርሴት የራሷ ሴናተር ነበራት። ሽማግሌው «መቀመጫችን» ያሉት ወንበር ማለት ነው። ለአርምዉድ ቤተሰብ ያ ወንበር ምን አደረገላቸው? አርባ ከመቶ ገደማው ጥቁር በሆነበት ካውንቲ፣ ካውንቲውን ለሚያስተዳድረው ኮሚሽን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጥቁር ሰው የተመረጠው በ2010 ነው። በ1964 አልተሳሳትኩም፤ በ2010።

ለምን ይህን ያህል ዘገየ? እዚህ ነው ወህኒ ቤቱ የሚመጣው።

ከፕሪንሰስ አን ትንሽ ወረድ ብሎ ዌስቶቨር የሚባል ቦታ አለ። በ1987 የተከፈተ ትልቅ የስቴት እስር ቤት እዚያ ነው ያለው። በ1980ዎቹ የድምፅ መብት ክርክር ተነስቶ፣ ጥቁሮች የሚያሸንፉበት አንድ የኮሚሽን ምርጫ ክልል እንዲኖር ተስማምተው ነበር። በወረቀት ላይ ጥቁሩ በዛ። ግን ቆጠራው እስረኛውንም እዚያው እንደሚኖር ሰው ይቆጥረዋል። በ2000 ቆጠራ ከዚያ ምርጫ ክልል ሰው 64 ከመቶው እስረኛ ነበር። አብዛኛው የባልቲሞር ልጅ። አይመርጥም፤ መንገዱ ላይ አይሄድም፤ ቦዩ ቢደፈን ጓሮው አይጥለቀለቅም። አካሉ ግን ይቆጠራል። የባልቲሞር ሰፈሩ ክብደት ሲቀንስ፣ የሶመርሴቱ ይጨምራል። ውጪ ያሉት ጥቂት ጥቁር መራጮች ደግሞ ወረቀቱ ብዙ ናችሁ ይላቸዋል፤ ሳጥኑ ሲከፈት ግን የሉም።

ሜሪላንድ በ2010 ይህን የሚያስቀር ሕግ አወጣች። በአሜሪካ የመጀመሪያዋ እሷ ናት። እስረኛው የምርጫ ክልል ሲካለል የሚቆጠረው ከመታሰሩ በፊት በነበረበት አድራሻ ይሁን ተባለ። ተከሰሰ፤ በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አጸናው። እኔ ይህን ሳነብ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር። እንቅልፌ ጠፋ። ምክንያቱም የራሴን ነገር አስታወሰኝ።

በ2010 ቆጠራ ሲመጣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ ቤት ምድር ቤት ተከራይተን አምስት ወንዶች ነበርን። ሁለት የፓርኪንግ ሠራተኞች፣ አንድ ታክሲ ነጂ፣ አንድ ተማሪ፣ እና እኔ። ቅጹ በፖስታ መጣ። እንግሊዝኛው ይሻላል ተብሎ እኔ ሞላሁት። ከአምስታችን አንዳችንም ዜጋ አልነበርንም፤ ከፊሉ ግሪን ካርድ፣ ከፊሉ ወረቀቱ ገና። አምስታችንም ተቆጠርን። የሲልቨር ስፕሪንግ ዲስትሪክት 20 በእኛም ሆድ፣ በእኛም ትከሻ ሞላ። ያኔ የዲስትሪክቱ ሴናተር ጄሚ ራስኪን ነበር፤ በኋላ ኮንግረስ የገባው። እኛ አልመረጥነውም። አንዳችንም ስሙን አናውቅም ነበር። ግን ተቀምጦ የነበረው ወንበር አንድ እግሩ እኛ ምድር ቤት ነበር። ለካስ ሽማግሌው «የወሰዳችሁብን» ያሉት ውስጥ እኔም አለሁበት!

እኔና የዌስቶቨሩ እስረኛ አንድ ነን እያልኩ አይደለም። እኔ ግብር እከፍላለሁ፤ አውቶቡሱን እሳፈራለሁ፤ ኋላም ልጄ እዚያው ትምህርት ቤት ገብታለች። መንገዱ ቢበላሽ ጎማዬ ነው የሚፈነዳው። ስለዚህ መቆጠሬ ተገቢ ነው ባይ ነኝ። ጎረቤታችን ታኮማ ፓርክ እንዲያውም ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ ለከተማ ምክር ቤት እንዲመርጥ ፈቅዳለች፤ እዚያ የሚኖሩ የኛ ሰዎች ግን ይህን መብታቸውን ምን ያህሉ እንደሚያውቁት እንጃ። እኔ ራሴ የሰማሁት ዜግነት ካገኘሁ በኋላ ነው።

እና አገር ቤትስ?

አጎቴ ጋ ደወልኩ። ጋሼ ሰማንያ እየተጠጉ ነው፤ ዓለም ከተማ ናቸው። ኔትወርኩ ሦስት ጊዜ ተቆረጠ። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ፣ ስለ ሰላሙ ነገር አወራን። ከዚያ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ፓርላማ ያሉት የእናንተ ተወካይ ማን ይባላሉ?»

«የቱ? የቀበሌው?»

«አይ፣ የፌዴራሉ። አዲስ አበባ ያሉት።»

«እ… ስሙን እንኳ እንጃ። ምልክቱን ግን አውቀዋለሁ። ድሮ ንብ ነበር፤ አሁን አምፖል ነው።» ትንሽ ዝም አሉና፣ «መብራቱ ራሱ ከጠፋ ሦስት ቀኑ» አሉኝ።

ሳቅን። ግን ዝም ብሎ የሚሳቅ አይደለም። ጋሼ የዋዛ ሰው አይደሉም፤ የአገሩን የወሰን ክርክር ሁሉ የሚዳኙ ናቸው። የማን እርሻ በማን በኩል እንደሚዋሰን እስከ አያት ድረስ ይቆጥሩልሃል። ተወካያቸውን ያላወቁት ዘንግተው አይደለም፤ ተወካዩ ያዙኝ ብሎ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስለማይቆም ነው።

በወረቀት ከሄድን ግን እኛ የምንታማ አይደለንም። በ1955 የተሻሻለው የንጉሡ ሕገ መንግሥት አገሩ በተቻለ መጠን ሁለት ሁለት መቶ ሺህ ሰው ባለው የምርጫ ወረዳ ይከፈል፣ እያንዳንዱም ሁለት እንደራሴ ይላክ ይል ነበር። ልብ በሉ፤ በዚያው ዓመት ሜሪላንድ ለ15 ሺህ ሰውም ለግማሽ ሚሊዮን ሰውም አንድ አንድ ሴናተር ትሰጥ ነበር። በሂሳቡ ቀድመናቸዋል! ችግሩ፣ ሁለት መቶ ሺውን ማን ቆጠረው? የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1984 ነው፤ ንጉሡ ከወረዱ ከአሥር ዓመት በኋላ። ለመመረጥ ደግሞ ንብረት ያስፈልግ ነበር፤ ጭሰኛ እንደራሴ አይሆንም።

የአሁኑም ሕገ መንግሥት በጽሑፍ ጥሩ ነው። የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል፤ የምርጫ ክልልም በዚያ ላይ ተመሥርቶ ይወሰናል ይላል። ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሳት ይችላል ይላል፤ ይህን መብት እነ ሶመርሴት እንኳ የላቸውም። ጋሼን «ማንሳት ትችላላችሁ እኮ» ብላቸው፣ «መጀመሪያ እንየው» አሉኝ።

ወንበሩ 547 ነው። የመጨረሻው ቆጠራ ደግሞ የተካሄደው በኛ 1999 ግንቦት ነው። ቀጣዩ ተራዘመ፤ በኛው በ2011 ሊካሄድ ሲል በጸጥታው ምክንያት እንደገና ተራዘመ። የምረዳው ምክንያት ነው፤ ሰው ከቀዬው በተፈናቀለበት ጊዜ ምኑ ይቆጠራል? ግን ቴነሲ የሚባለው ስቴትም ለስልሳ ዓመት ካርታውን ሳይነካ የተቀመጠው ሁልጊዜ ምክንያት ስለነበረው ነው። በ1901 የተሠራው ክፍፍል እስከ 1960ዎቹ ድረስ ቆየ፤ ያ ነው ፍርድ ቤቱን በ1962 ነገሩ ውስጥ ያስገባው። ከወንበሩ የሚጠቀመው ሰው ቆጠራ አያስቸኩለውም። ይህ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ያው ነው።

ልዘጋ ስል ጋሼ አንድ ነገር አነሱ። «አንተ ያኔ ነበርክ አይደል፣ ሲቆጥሩ?»

ነበርኩ። ዲቪ ደርሶኝ ወረቀቴን እየጠበቅኩ፣ ለመሰናበት አገር ቤት ወርጄ ነበር። ቆጣሪው የሰፈር አስተማሪ ነው። ደጃፉ ላይ በኖራ ቁጥር ጻፈ። እናቴ ጠላ ቀዳችለት። የቤቱን ሰው አንድ በአንድ ጠየቀ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ማንበብና መጻፍ። እኔን ሲጠይቅ እናቴ ቀድማ መለሰች፤ «እሱ እዚሁ ነው የሚኖረው» አለች። ነሐሴ ላይ ሄድኩ።

እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። የእህቴ ልጆች፣ ሦስቱም፣ ከዚያ ወዲህ የተወለዱ ናቸው፤ ትልቁ ዘንድሮ ድምፅ መስጫ ዕድሜው ላይ ደርሷል። መዝገቡ ውስጥ እነሱ የሉም። እናቴና እኔ ግን እስካሁን አለን። ኖራውን ዝናብ ካጠበው ቆይቷል፤ «እንጨቱ ላይ ግን ምልክቱ ይታያል» አሉኝ ጋሼ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ለአራተኛ ጊዜ ተቆረጠ።